ላስቲክ ያልገባበት ነደባ

በአዴ ፈርዶሳ ቤት ክረምት የሚገባው ከታች ነበር። ጣሪያው ጠብታ አያሳልፍም፤ በሩም ደህና አድርጎ ይገጥማል። ሐምሌ ሲጋመስ ግን የሲሚንቶው ወለል ማላብ ይጀምራል። መጀመሪያ ጥጋጥጉ ይጠቁራል፤ ቀጥሎ መሃሉ ያብለጨልጫል፤ ከዚያ ምንጣፉን ላንሳ ሲሉት ታጥቦ እንዳልተጨመቀ ልብስ ይከብዳል። ቤቱ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ወደ ኤረር በር በሚወርደው ጠባብ መንገድ ዳር ነው። የጀርባው ግድግዳ እስከ ወገቡ አፈር ውስጥ ተቀብሯል፤ ከላይ ያሉት ግቢዎች የጠጡትን ዝናብ ቀስ እያሉ ወደ እሱ ይልኩታል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ወለሉ አፈር በነበረበት ዘመን እርጥበቱ እንደመጣ ይወጣል፤ በጋ ሲሆን ይደርቃል፤ በዓመት አንዴ በቀይ አፈር ይለሰናል፤ በቃ። ኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ሲሚንቶ ሲያስደርግ የአዴ ፈርዶሳ ባለቤት ዐብዱልወሃብም አስደረጉ፤ አፈሩ ላይ በቀጥታ። ከስሩ ላስቲክ መነጠፍ አለበት ያለ ሰው አልነበረም። ሲሚንቶ ድንጋይ ነው፣ በድንጋይ ውስጥ ውሃ አያልፍም ተባለ። ያልፋል። ሲሚንቶ እንደ ፎጣ ነው፤ ከስሩ ያገኘውን ሁሉ እየመጠጠ ወደ ላይ ያወጣል። ይህን የነገረኝ አባቴ እንደሻው ነው። አባቴ ግንበኛ ነው። ቤታችን ከግንቡ ውጭ በሸዋ በር በኩል ነው፤ የአዴ ፈርዶሳንም ነገር ያወቅኩት እሱ እዚያ ቤት ሲሠራ ምሳ ሳመላልስለት ነው። በዚያ ሰፈር ትልቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራው አዴ ተብላ ነው።

አዴ ፈርዶሳ ወደዚያ ቤት የገቡት በሙሽርነታቸው ነው። ዐብዱልወሃብ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ሁለት ሰው የማታስቀምጥ ሱቅ ነበረቻቸው። እሳቸው እዚያ ይቆርጣሉ፣ በመኪናው ይሰፋሉ፤ ሚስታቸው ደግሞ ቤት፣ ደጃፉ ላይ፣ ብርሃኑን ተሻምተው የአዝራር ቀዳዳውን በእጃቸው ይሠራሉ። «የዚህ ከተማ ወንድ ሁሉ ደረቱን የሚዘጋው በእኔ ቀዳዳ ነው» እያሉ ይኩራሩ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ቀዳዳ ሲዘመዝሙ ኖረው ዓይናቸው እስከ ዛሬ ክር ያለ መነጽር በመርፌ ያስገባል።

ሲመሻሽ ዐብዱልወሃብ ይመጡና ቦታቸው ላይ ይቀመጣሉ። በጀጎል ቤቶች ሰው የሚቀመጠው ከወለሉ ከፍ ከፍ ብለው ከድንጋይና ከጭቃ በተሠሩ፣ በቀይ አፈር በተለሰኑ መደቦች ላይ ነው። በእነሱ ቋንቋ ነደባ ይባላሉ። ማን የትኛው ላይ እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፤ በሩን ፊት ለፊት የሚያየው፣ አሚር ነደባ የሚሉት፣ የቤቱ አባወራ ነው። ዐብዱልወሃብ ዕድሜ ልካቸውን እዚያው አንድ ጥግ ላይ፣ ቀኝ እግራቸውን አጥፈው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀመጡ። መደቡ አፈር ነውና ሰውነታቸውን ለመደው፤ እዚያ ጥግ ላይ የተቀመጠ ሰው ቅርጽ ያላት ጎድጓዳ ቦታ ተፈጠረች። ከሞቱ በኋላ ማንም አልተቀመጠባትም። አዴ ፈርዶሳ ረመዳን ሲቃረብ ነደባውን ሲለስኑ እሷን አይሞሏትም ነበር። መዳፋቸውን እንደ ማንኪያ አጉብጠው፣ ጠርዟን ሳይነኩ፣ ውስጧን በቀጭኑ ቀብተው ያልፏታል።

እርጥበቱ ግን ደረታቸውን ያዘው። ሳሉ ሐምሌ ይጀምርና ጥቅምት ይለቃቸዋል፤ በሌላው ዓመት ኅዳርም አይለቃቸውም፤ ኋላ ጭራሽ በጋውንም አብሯቸው ከረመ። አንድ ልጃቸው ሙሰዕብ ሸዋ በር አጠገብ የመለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ከግንቡ ውጭ አዲስ ቤት ሠርቷል። እናቱን ይዞ ለመሄድ ዓመታት ለመነ። አዴ ፈርዶሳ ዓመታት እምቢ አሉ። በመጨረሻ ሐኪሙ «የሚያስላቸው ቤቱ ነው» ሲለው ሙሰዕብ ልመናውን ተወና ስምምነት አቀረበ።

«እማ፣ ወለሉን ላሠራልሽ። በደንብ፣ ላስቲክ ገብቶበት። ይህን ክረምት እስከ መውሊድ ቤቱ ደርቆ ከከረመ ከዚህ የሚያስነሳሽ የለም፤ እኔም አፌን እዘጋለሁ። ከረጠበ ግን ትመጫለሽ። ቤቱ ይከራያል።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

«ወላሂ ስትል አትሳቅ።»

«አልሳቅኩም እማ። አንቺም እሺ በዪኝ።»

አዴ ፈርዶሳ ወደ ነደባው አዩና «እሺ» አሉ።

አባቴ የተጠራው በዚህ መሃል ነው። በመጀመሪያው ቀን አሮጌውን ሲሚንቶ በዲጂኖ እየነካካ ዞረ፤ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰ፤ መጨረሻ ላይ ነደባዎቹን አንኳኳ።

«አዴ፣ እነዚህም ይነሳሉ።»

«የትኞቹ?»

«ነደባዎቹ፣ ሁሉም። ይፈርሱና ላስቲኩ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ሆኖ ይነጠፋል። ከዚያ እነሱን በላዩ በድንጋይ መልሼ እሠራቸዋለሁ። ቁመታቸውም ስፋታቸውም ያው ነው። አይለዩአቸውም።»

«እኔ አልለያቸውም?»

አባቴ መዳፉን ከነደባው ላይ አነሳ።

«ሌላው ይፍረስ» አሉ አዴ ፈርዶሳ እጃቸውን አሚር ነደባው ላይ አድርገው። «ይሄኛው አይነካም። ላስቲኩን ዙሪያውን ቁረጠው።»

«አዴ፣ ላስቲክ ውሃ አያደርቅም እኮ። በዚህ አትለፍ ነው የሚለው። ውሃው ደግሞ ዞሮ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። እስከ ዛሬ በቤቱ ሁሉ ሲወጣ የነበረው እንግዲህ በዚህ በአንዱ ሊወጣ ነው።»

«አንድ ነደባ ምን ያህል ይጠጣል? አቦ፣ አታስፈራራኝ።»

«ለሙሰዕብ ልንገረው?»

«ለሙሰዕብ ትነግርና እዚህ ቤት ሁለተኛ ሻይ አታይም።»

አባቴ በሥራው ላይ ግትር ነው፤ ያልተመቸውን ግድግዳ የቤቱ ባለቤት እያለቀሰ እንኳ አፍርሶ ያውቃል። ያን ቀን ግን ዲጂኖውን አነሳና ጎድጓዳዋን አይቶ መልሶ አስቀመጠው። ቤት ሲመጣ «አሁን ተነስቶ ውጭ የወጣ ሰው ቦታ ይመስላል» አለኝ። «እንዴት አድርጌ ልምታው?»

ወለሉ ተቆፈረ፤ ድንጋይ ተደረደረ፤ ድንጋዩ ላስቲኩን እንዳይወጋው ደቃቅ አሸዋ ተነሰነሰበት፤ ከዚያ ጥቁሩ ወፍራም ላስቲክ ተዘረጋ። የአንዱ ጫፍ በሌላው ላይ ክንድ ሙሉ ይደረባል፤ መጋጠሚያው በሰፊ ፕላስተር ይያዛል። ምሳ ይዤ ስደርስ አባቴ ሠራተኞቹን ሁሉ ጫማ አስወልቆ፣ ራሱም በባዶ እግሩ ላስቲኩ ላይ ይንጎራደድ ነበር። አዴ ፈርዶሳ በር ላይ ቆመው ይስቃሉ።

«ዮዲ፣ አባትሽን እዪልኝ! መስጊድ የገባ መስሎታል።»

«በጫማ የገባ ጠጠር ይበሳዋል አዴ» አለ አባቴ ቀና ሳይል።

«ምን ይዘሽለት መጣሽ?»

«ሽሮ» አልኳቸው።

«ዛሬም ጾም! እናንተ ሰዎች ቆይ መቼ ነው የምትበሉት?»

«እናንተ ረመዳን ስትይዙ» አለ አባቴ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል እስኪዞር ሳቁ።

አሚር ነደባው ጋ ሲደርስ ላስቲኩን በምላጭ ቆረጠው። ጠርዙን ወደ ላይ አጥፎ ከነደባው ጎን ሊያጣብቀው ሞከረ፤ ጭቃ ፕላስተር አይዝምና ወደቀ። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ወደቀ። ተወው። በማግስቱ ኮንክሪቱ ፈሰሰ፤ ሲጠነክር በላዩ ሊሾ ተደረገ፤ ሌሎቹ ነደባዎች እንደ አዲስ ተሠሩ፤ ሁሉም ቀይ ተቀባ። በመሃል አሮጌው ነደባ ከአዲሶቹ ጋር ተቀምጦ ልዩነቱን የሚያውቅ ብቻ ይለየው ነበር።

ሰኔ ዘነበ። ሐምሌ አጋማሹን አልፎም ወለሉ አላላበም። አዴ ፈርዶሳ ቤታቸው የመጣውን ሰው ሁሉ ወለል ማስነካት ጀመሩ። በሰርግም በለቅሶም የማትለያቸው፣ አፎቻ በሚሉት ዕድራቸው ያለች ጓደኛቸው ፋጡማ አንድ ቀን ገና ከመግባቷ እጇን ይዘው ወደ መሬት ጎተቷት።

«ንኪው!»

«ወለል ንኪ ብሎ እንግዳ የሚቀበል ሰው አየሁ! ምሳውም ይኸው ነው?»

«ንኪው ስልሽ!»

«ነካሁት እኮ። ደረቅ ነው፤ ልክ እንደ ባለቤቱ።»

«አልሐምዱሊላህ በዪ።»

«አልሐምዱሊላህ። አሁን የምቀመጥበት ስጪኝ፣ ወገቤ ተቆረጠ።»

ሙሰዕብ በየሳምንቱ ከጁምዓ ሲመለስ ጎራ ይላል። ጥግ ጥጉን በጣቶቹ ነካ ነካ ያደርግና «ማሻአላህ» ብሎ ይወጣል። ወደ አባቱ ነደባ ቀና አይልም፤ ከሞቱ ጀምሮ እንዲያ ነው። አዴ ፈርዶሳም ይህን ያውቃሉ።

ነሐሴ ሲገባ ከነደባው ግርጌ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ጠረጉት። ተመልሶ መጣ። ከዚያ ቀይ አፈሩ ጠቆረ፤ አበጠ፤ ልጣጭ ልጣጭ ሆነ። አዲስ ቀይ አፈር አስመጥተው ለሰኑት፤ ሳይደርቅ ሌላ እርጥበት ከስር ደረሰበት። አባቴ እንዳለው ነበር የሆነው፤ በቤቱ ሁሉ ሲወጣ የኖረው ውሃ አንድ መውጫ ብቻ ቀርቶለት በነደባው በኩል መጣ። አርብ ሲቃረብ አዴ ፈርዶሳ ምንጣፍ ደረቡበት። ያቺን ጎድጓዳ ቦታ ሲሸፍኗት የመጀመሪያቸው ነበር።

ምንጣፉ ረጠበ። ከሥራው የተረፈው ላስቲክ ግቢው ጥግ ተጠቅልሎ ቆሟል። ውሃ የሚያስቆመው እሱ አይደል? ራሳቸው ተሸክመው አገቡት፤ ምንጣፉን አንስተው ነደባው ላይ ከዳር እስከ ዳር ዘረጉት፤ ምንጣፉን መልሰው አለበሱት። በማግስቱ ዳበሱት። ደረቅ። ጮክ ብለው ሳቁ። በማግስቱም ደረቅ።

ከላይ የተከለከለው ውሃ አሁን ወደ ግድግዳው ዞረ። ከነደባው በላይ የተሰቀሉት ስፌቶች ከእናታቸው የመጡ ናቸው፤ ሲያገቡ የተሰጧቸው። በመጀመሪያ የታችኛው ስፌት ጀርባው አረንጓዴ ሻገተ። አወረዱት። ከዚያ ቀጣዩን። ለፋጡማ «አቧራ ላራግፍላቸው ነው» አሏት። «የክረምት አቧራ!» አለች ፋጡማ፤ ግን ሌላ አልጠየቀችም።

አባቴ ሰላምታ ሊሰጣቸው ጎራ ያለው ያኔ ነው። እኔም አብሬው ነበርኩ። በር ላይ ቆሞ ወለሉን አላየም፤ ግድግዳውን ነው ያየው። ስፌቶቹ የነበሩበት ክብ ክብ ቦታ በጠቆረው ኖራ ላይ ነጥቶ ይታይ ነበር።

«አዴ፣ ነደባው ላይ ምን አደረጉበት?»

«ምንጣፍ።»

«ከምንጣፉ ስርስ?»

«እንደሻው፣ መውሊድ ስንት ጊዜ ቀረው?»

«ደርሷል እኮ።»

«እንግዲያው አትጠይቀኝ።»

አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አዴ፣ ያንሱት። ይተንፍስ። በሩን ክፍት አድርገው አየር ይግባለት። ይጠቁራል እንጂ ይቆማል። ከታፈነ ግን ጭቃ ነው የሚሆነው።»

«ካነሳሁት ያየዋላ!»

«ካላነሱት ይፈርሳል።»

«እስከ መውሊድ አይፈርስም» አሉ አዴ ፈርዶሳ። «ከመውሊድ በኋላ እኔ አለሁለት። በጋውን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ አደርቀዋለሁ።»

አባቴ ተሰናበታቸው። ስንወጣ በመንገድ ላይ አንዴ ቆሞ ወደ ኋላ ዞረ፤ ከዚያ ቀጠለ።

የመውሊድ ዕለት ከተማው ገና ከጠዋቱ በድቤ ደምቋል። ሙሰዕብ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። ፋጡማ እዚያው ነበረች፤ የሆነውን የሰማነው ከእሷ ነው። ሙሰዕብ ልብሱን ሰብስቦ ተንበረከከና ወለሉን ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ዳበሰ። ከዚያ ተነሳና የእናቱን እጅ ሳመ።

«ተሸነፍኩ እማ። ቤትሽ ነው።»

አዴ ፈርዶሳ አለቀሱ። ፋጡማ እልል አለች። ሙሰዕብም እንባ መጣበት፤ ደስ ሲለው እንደ አባቱ ነው፣ እጁን የሚያደርግበት ይጠፋዋል።

«ዛሬስ አባዬ ቦታ ላይ ተቀምጬ ፋቲሓ ልቅራለት።»

«እዚያ ተው» አሉ አዴ ፈርዶሳ።

«ለምን? የቤቱ ወንድ አንተ ነህ እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ አልነበር?»

«ዛሬ አይደለም። ሌላ ቀን።»

«ሌላ ቀንማ ሁልጊዜ አለ። ዛሬ መውሊድ ነው።»

ነደባው ላይ ወጣና በአባቱ ጥግ ተቀመጠ። ቀኝ እግሩን አጠፈ። መዳፎቹን ከመዘርጋቱ የነደባው ጠርዝ ድምፅ ሳያሰማ ከስሩ ዝቅ አለ፤ እሱም አብሮት ወረደ። ከምንጣፉ ዳር ቀይ ጭቃ እየተጨመቀ ወጥቶ ነጩን ልብሱን እስከ ጉልበቱ ያዘው። ፋጡማ «ያ ረቢ!» አለች። ሙሰዕብ ተነስቶ ምንጣፉን ገለጠ። ከምንጣፉ ስር ላስቲክ። ላስቲኩን ገለጠ። በውስጥ በኩል ጠብታው ተንጠልጥሏል፤ ነደባው የተቦካ ጭቃ ሆኗል። ጎድጓዳዋ የለችም። የት ጋ እንደነበረች እንኳ አይታወቅም።

አዴ ፈርዶሳ ቀረብ ብለው አዩ። መዳፋቸውን አጉብጠው ጭቃው ላይ ጫኑት። አነሱት። የእጃቸው ቅርጽ ቀረ፤ ወዲያው ደግሞ ተንሸራቶ ተሞላ።

«ለምን እማ?» አለ ሙሰዕብ። አልተቆጣም፤ ፋጡማ እንዳለችው ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«አንድ ነደባ ምን ያህል ይጠጣል ብዬ ነበር።»

«ግድግዳውን እዪው። ቤቱ ነው የጠጣው። ከደረቀ ቤትሽ ነው ብዬሻለሁ፣ ወላሂ ብያለሁ። አንቺም እሺ ብለሻል።»

«ብያለሁ» አሉ።

ቤቱን የተከራየው ቱሪስት የሚያሳድር ሰው ነው። ነደባው ተነስቶ እንዲሠራለት አባቴን ጠራው። አባቴ መጀመሪያ አልሠራም አለ፤ ኋላ «ሌላ ሰው እየዘፈነ በአካፋ ሲያፍሰው ከሚውል እኔ ልሁን» ብሎ ሄደ። ዲጂኖ አላስፈለገውም። የወለሉን ዳር ሰብሮ የቆረጠውን ላስቲክ ጫፍ አገኘ፤ አዲሱን ከእሱ ጋር አጋጠመ፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ አደረገው። በላዩ በድንጋይ ገነባ። ግድግዳው በጋውን ደረቀ፤ ኖራ ተቀባ፤ ከገበያ የተገዙ ስፌቶች ተሰቀሉበት። አሁን እንግዶች አሚር ነደባው ላይ እየተቀመጡ ፎቶ ይነሳሉ። ቀይ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ልክ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው።

ከጥምቀት በኋላ አዴ ፈርዶሳን ልንጠይቅ ሙሰዕብ ቤት ሄድን። ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ፊት ያሳያል። ጥግ ካለው ሶፋ ጫፍ ላይ ቀኝ እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ሳሉ ለቋቸዋል። ወፍረዋልም። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ያለ ሳል ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ደረቀ?» አሉት አባቴን፣ ሰላምታው እንዳለቀ።

«ደረቀ አዴ።»

«እሱም?»

«እሱም።»

የሙሰዕብ ሚስት ሻይ አስቀምጣልን ሄደች።

«ያኔ አፍርሰው ብዬህ ቢሆን ዛሬ እዚያው ነበርኩ። አይደል?»

አባቴ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረው።

«ዋሸኝ እንጂ፣ አቦ።»

«አይ፣ አዴ» አለ አባቴ። «ያኔም ቢፈርስ ላይደርቅ ይችል ነበር። አሮጌ ግድግዳ ነው። ደግሞም... ያለፈው ክረምት ዝናብ...» ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አቃተው።

አዴ ፈርዶሳ ትክ ብለው አዩት። «አትችልበትም» አሉ።

ሊሸኙን ተነሱ። ሶፋው ስፖንጅ ነው፤ የተቀመጡበት ቦታ ገና ቀና ከማለታቸው ተሞላ። ዞር ብለው አዩት፤ መዳፋቸውን አጉብጠው ጫን አደረጉት፤ ለቀቁት። ከዚያ በሩን ከፈቱልን።